ለሙሴ ዘርጋው፣ ስለ ስሱ ግድግዳ

በድሬ ፀሐይ ላይ እሳት ጨምረናል።
ስምንት ሰዓት ነው፤ ቆርቆሮው ይንጣጣል፣
ከተማው በየጥላው ሽርጡን ለብሶ ጋድሟል፤
እርስዎና እኔ ግን ምድጃው ፊት ቆመን
ሦስት መቶ ሃምሳን እንጠብቃለን።

ቱቦው የእርስዎ ነው፤
ከቆመ ባቡር ሆድ ቆርጠው ያመጡት፣
በፈረንሳይኛ እየተሳደቡ የበየዱት።
የኔ ከውስጡ ነው፦ ቀጭን የሸክላ ዘንግ፣
ፓላዲየም ያለበስኩት፣ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣
ጣት ቢያርፍበት የሚከፋው፣ ቂመኛ፣ የማይረሳ።

«ምን ይሠራል?» አሉኝ መነጽርዎን ጠርገው።
እንዴት ልንገርዎ? ነገሩ እንዲህ ነው፦
ፈሳሹ ተን ሆኖ ይገባል በአንድ ጫፍ፤
ካታሊስቱ ይዞ ያስወልቀዋል ሃይድሮጅኑን፣
የቀለም ማቅጠኛ ይሸታል የቀረው፣ ቶሉዊን ሲሆን።
ግን የወለቀው ከቤት አልወጣም፤
ዞሮ ይመለሳል ወደ ወለቀበት ገላ፣
የሠራነው ይፈርሳል፣ ይሠራል ደግሞ ሌላ።
ሂያጁና ተመላሹ እኩል የሆኑ ለታ
ሚዛኑ ቆመ ማለት ነው፤
አይሰማ ልመና፣ አይሰማ ቁጣ።

«ገባኝ» አሉ። «ሽኒሌ ላይ፣ ሐዲዱ አንድ፣ ባቡሩ ሁለት፣
ያኛው ከጅቡቲ፣ ይኼኛው ከእኛ፣ ተፋጠው የቆሙ ዕለት።
ታዲያ ግድግዳሽ መተላለፊያ ነዋ!
ባዶው ፉርጎ ዞር ሲል ባለ ጭነቱ ያልፋል።»

የሦስት ዓመት ትምህርቴን በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት።
አዎ፣ ሙሴ። ግድግዳው ከሁሉ የሚያውቀው አንዱን ነው፤
ይጠጣዋል፣ በወዲያኛው ፊቱ ይተፋዋል፣
መመለሻ ያጣው ነገር ወደፊት ይሄዳል።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል መብራት ሄደ።
ማንም አልጮኸም። ቁጥሩ ብቻ ወረደ።
ሃይድሮጅን ጠጥቶ ያበጠ ብረት
ብርድ አይችልም፤ ቀጭ አለ፣ ሰማነው፣
ጣት ሲያፍታቱ የሚሰማውን ያህል፣
የአራት ወር ሥራዬ።

እርስዎ አላጽናኑኝም። ከኪስዎ ጥፍጥሬ ፈልገው፣
ጥርስዎን እየጎረጎሩ፦
«ሐዲድ ስንዘረጋ በጫፍና በጫፍ መሐል
ጣት የምታስገባ ክፍተት እንተው ነበር፣ ለሙቀቱ።
ክፍተት የነፈጉት ሐዲድ
ቀትር ላይ እንደ እባብ ተጠማዞ ይነሳል።
ያንቺስ ብረት ሲያብጥ ወዴት ይዘርጋ?»

ብር ያስፈልገዋል፣ አልኩ፤ ሩብ ያህል ብር ቢቀላቀለው
ማበጡን ይችለዋል። ግን ግዢ ክፍል ብጠይቅ
በስምንተኛው ወር ይመልሱልኛል፣ «በሂደት ላይ» ብለው።

ቅዳሜ በአባዱላ ደንገጎን ወጣሁ።
ጀጎል ውስጥ፣ አው ሸምሰዲን፣ የብር ሠሪው፣
ጓደኛው የጠፋ አንድ አልቦ መዘኑልኝ።
«አንድ እግር ብቻ ላለው ነው?» አሉ፣ ሳይስቁ።
«መዳብ አለበት፣ እወቂ» አሉ ደግሞ።

እውነት ነው፤ አሲድ ውስጥ ሲሟሟ
ሰማያዊ ሆነ፣ የሠርግ ልብስ መሰለ።
ጨው ነሰነስኩበት፦ ብሩ ነጭ ሆኖ ዘቀጠ፣
መዳቡ ከነቀለሙ ከላይ ተንሳፎ ቀረ።
ብዙ ቆሜ አየሁት። ጨዋ መለያየት ነው፤
ማንም ማንንም አልሰበረም።

ዛሬ ሁለተኛው ቱቦ ነው።
ጄኔሬተር ተውሰናል፣ ከጎረቤት ወፍጮ ቤት፤
የወፍጮው ባለቤት መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል፣
ምን እንደምንፈጭ ሊያይ።
የቱቦው ጭራ ለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ፣ ውሃ ውስጥ ተነክሯል።

ሦስት መቶ አርባ። ሦስት መቶ አርባ ስምንት።
ውሃው ዝም።
ወፍጮኛው ሊሄድ ዞረ።
ከዚያ አንድ አረፋ፤ ቆይታ ሌላ፤
አገር ለቅቃ እንደምትወጣ ነፍስ፣ ኮሮጆ ሳትይዝ።

እኔ የምለው ጠፍቶኝ እርስዎን አየሁ።
እርስዎ የኪስ ሰዓትዎን አውጥተው
በሁለት አረፋ መሐል ያለውን ጊዜ ይቆጥራሉ፣
በጥቂቱ ተቆጥተው፣
እንደዘገየ ባቡር።